የተራራ ውሃ መያዣ በመልኩ አይመረጥም

ሰሞኑን «ወደ ጋላማ ልንወጣ ነው፣ የትኛውን የውሃ መያዣ ልግዛ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ሦስት አራት ትሆናላችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

በመጀመሪያ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ ከጎበሳ ተነስተን ወደ ጋላማ ስንወጣ፣ እኔ በውድ ዋጋ የገዛሁትን ድርብ ግድግዳ ፔርሙዝ ይዤ ነበር። ሻይ እስከ ማታ ትኩስ ያቆያል፣ አልዋሽም። ግን ባዶውን ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፣ የሚይዘው ደግሞ 700 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቀሪውን ውሃ በሁለት ሃይላንድ ያዝኩ። ዕቃችንን በፈረስ የጫኑልን ሽማግሌ ሸክሜን አይተው «አንተ ልጅ፣ የተሸከምከው ውሃ ነው ወይስ ጠርሙስ?» አሉኝ። ስቀን አለፍን።

ማታ ከአስታው በላይ ድንኳን ተከልን። አንዱ ሃይላንድ መንገድ ላይ ድንጋይ መትቶት ተሰንጥቆ ነበር። ሁለተኛውን ውጭ ረስቼው አደረና ጠዋት አፉን በረዶ ዘጋው። ምንጭ በቅርብ አለ፣ ግን ከብትና ፈረስ የሚጠጣበት ነው፤ ሳይፈላ አይጠጣም። ድስት ደግሞ ረስተናል! ፔርሙዙን እሳት ላይ ልጥድ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። ከጋቢያቸው ሥር ይዘዋት ያደሩትን፣ ቂጧ የጠቆረ የብረት ኮዳ አውጥተው ከምንጩ ሞሏትና ፍሙ ላይ አስቀመጧት። ያን ቀን ሁላችንም የጠጣነው ከሷ ነው።

እንግዲህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ለአርሲ ተራራ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ነጠላ ግድግዳ ያለው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ አፈ ሰፊ የማይዝግ ብረት ግዙ። ምክንያቱም፦

አንደኛ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ እሳት ላይ መጣድ ትችላላችሁ። ድርብ ግድግዳ ያለው ግን በፍጹም እሳት አይነካውም፤ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ 4000 ሜትር ስትጠጉ ውሃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በታች ስለሆነ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት።

ሁለተኛ፣ አፈ ሰፊ ሲሆን ቶሎ በበረዶ አይዘጋም፣ ከጥልቀት የለሽ ምንጭ ይቀዳል፣ እጅ ገብቶ ያጥበዋል። ሌሊት ደግሞ ሞልታችሁ አትዝጉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። በረዶ ከላይ ስለሚጀምር ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ጠዋት አፉ ክፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ማታ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ብትከቱት ምድጃ ነው።

«ብረት ይከብዳል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ግን ድስትም ማሞቂያም ስለሆነ ሌላ ዕቃ ያስቀራል። ከባዱ ነገር ራሱ ውሃው ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ምንጭ የት የት እንዳለ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ በዚያ ልክ ያዙ። ማገዶ ለሌለበት ቀን ውሃ አጋር ኪስ ውስጥ ይኑር።

ሃይላንድንም አልንቅም። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ይበቃል። ቤት ካለው ያገለገለ የምትወስዱ ከሆነ ግን ጋዝ ወይም ዘይት ያልነካው መሆኑን አረጋግጡ። ባዶውንም ይዛችሁ ውረዱ፤ ተራራው ላይ አትጣሉት። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በአንድ በኩል በካታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፣ በሌላ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ታች የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው።

እኔ ፔርሙዜን አልጣልኩትም። ቤት ውስጥ ለቡና እንግዳ ሻይ ይዞ ቁጭ ብሏል። ተራራ ግን ዳግም አይወጣም።