«አልተኛም!» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የአገር ቤቱንና የስደቱን ፖለቲካ ለዛሬ ለሌሎቹ ገጾች እንተወውና ወደየቤታችን ጎራ እንበል። በስደት ዓለም ከባዱ ጦርነት የሚካሄደው የት ነው ቢባል፣ ብዙ እናቶችና አባቶች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ልጆቻቸው መኝታ ክፍል ነው። ጦረኛው ቁመቱ ከጠረጴዛ አይበልጥም፤ ገና ድክ ድክ የሚል፣ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ነው። መሣሪያውም አንዲት ቃል ናት፦ «አልተኛም!»

ከዚያ «ውሃ ስጡኝ» ይመጣል። ከውሃው በኋላ «ሽንቴ መጣ»፤ ከሽንቱ በኋላ «እማዬ ትምጣ»፤ እማዬ ስትመጣ ደግሞ «አባዬ ይምጣ»። ሰዓቱ 10፣ ከዚያም 11 ይሆናል። (እዚህ የምጠራው ሰዓት የምንኖርበት አገር ሰዓት ነው።) ነገ ማለዳ በ5 ሰዓት ለሥራ የሚነሣው አባት ትዕግሥቱ ያልቃል። እናት «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ትላለች፤ እሱም «አንቺ ነሽ እቅፍ ያስለመድሽው» ይላል። በመጨረሻ ልጁ ቴሌቪዥኑ ፊት ሶፋው ላይ ድብን ብሎ ይተኛል፤ ባልና ሚስትም ተኳርፈው ያድራሉ። በማግስቱ ማታ ጦርነቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

አንዳንዶች «ይኼ የፈረንጅ አገር ልጅ ጠባይ ነው፤ በእኛ አገር የት ታውቆ!» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ግን ልጁ ስለባለገ አይደለም። በእኛ አገር በብዙው ቤት እንቅልፍ ልጁን የሚወስደው ከሰው መካከል ነበር። ታዝሎ ይተኛል፤ ቡና እየተጠጣ በአክስቱ ጭን ላይ ይተኛል፤ ከታላላቆቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተደርድሮ ይተኛል። «በል ብቻህን ጨለማ ክፍል ግባና ተኛ» የሚለው አልነበረም።

ፀሐይዋም ትረዳ ነበር። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ክረምት ሆነ በጋ፣ በአገራችን አቆጣጠር 12 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ይመሻል። እዚህስ? በሰኔ ዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ ሲያትል 9 ሰዓት ያልፋል፤ ስቶክሆልም ደግሞ 10። ልጁ በመስኮት እያየ «ገና ቀን ነው!» ቢል ዋሸ ይባላል?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። እስቲ የልጁን ቀን እንቁጠረው። ጠዋት በ7 ሰዓት ዴይኬር ይገባል፤ ማታ በ6 ሰዓት ይወጣል። ቤት ሲደርስ እናት ወደ ምድጃው፣ አባት ወደ ስልኩ። ወይም አባት ጭራሽ የለም፤ ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው። እራት ተበልቶ፣ ገላ ታጥቦ 8 ሰዓት ሲሆን «በል ተኛ» ይባላል። ከ24 ሰዓት ውስጥ እናቱና አባቱ ሌላ ነገር ሳይነኩ ዓይን ዓይኑን ያዩት ስንት ደቂቃ ነው? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ እናቱ ከዓይኑ ስትርቅ ተመልሳ እንደምትመጣ ልቡ ገና አጥብቆ አላመነም። ስለዚህ «አልተኛም» የምትለዋን ቃል ወደ አዋቂ ቋንቋ ስንመልሳት ብዙ ጊዜ «ገና አልጠገብኳችሁም» ማለት ናት። መፍትሔውም ልጁን ማሸነፍ ሳይሆን ከመኝታው በፊት ማጥገብ ነው። እንዴት? አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያ ሰዓቱ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ልጃችሁ ጠዋት በ6 ሰዓት የሚነሣና ዴይኬር 2 ሰዓት የሚተኛ ከሆነ፣ ማታ በ8 ሰዓት ቢተኛ በድምሩ 12 ሰዓት ያገኛል። ዴይኬሩን ግን ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ እስከ 4 ሰዓት ካስተኙት፣ በ8 ሰዓት ዓይኑ ቢፈጥ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ቢያመሽ ይደክመውና ይተኛል» የሚለው ስሌትም ብዙ ጊዜ አይሠራም። ድካሙ ያለፈበት ልጅ አይፈዝም፤ ጭራሽ እንደ እንቦሳ ይቦርቃል። የመነሻውንም ሰዓት ቅዳሜና እሑድ ጭምር አታዛንፉ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። አንጎላችን ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለ የእንቅልፍ ሆርሞን ያመነጫል፤ ብርሃን ግን ያግደዋል፤ ሕፃናት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ለብርሃን ስሱ ናቸው። ስለዚህ ለበጋው ወራት ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ትልቁን መብራት አጥፉና ትንሹን አብሩ። ቴሌቪዥኑና ስልኩም ያኔ ይዘጉ፤ የእናንተም ስልክ ጭምር።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በየማታው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚሄድ ግማሽ ሰዓት ነው። በ2009 አሜሪካ ውስጥ 405 እናቶችና ትናንሽ ልጆቻቸው የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። የታዘዘው ነገር ሦስት ብቻ ነው፦ ገላ ማጠብ፣ ቅባት ቀብቶ ማሸት፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ነገር፤ ማቀፍ ወይም ማንጎራጎር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ቶሎ የሚተኙ፣ ሌሊት የሚነቁበትም ጊዜ ያነሰ ሆነ፤ የእናቶቹም መንፈስ ተሻሻለ። ይህን ሳነብ ሕፃን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ አሽተው «እሹሩሩ» እያሉ የሚያስተኙት እናቶቻችን ትዝ አሉኝ። ዕውቀቱ ከቤታችን ነበር፤ ጊዜውን ነው ስደት የነጠቀን።

ታዲያ ያን ግማሽ ሰዓት በአማርኛ አድርጉት። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛ ወይም ዐረብኛ ሲሰማ የዋለ ልጅ አማርኛን ከየት ያመጣዋል? ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የአንበሳና የጦጣ ተረት፣ «ዛሬ ማንን አየህ? ምን በላህ?» የምትል ወሬ፣ የዘመዶቹን ስም እየጠሩ ደኅና እደሩ ማለት፤ ሌላ አስተማሪ ሳይቀጠር ቋንቋው የሚገባው እንዲህ ነው። አያት ስልክ ላይ ተረት እንዲያወሩለት ከፈለጋችሁ ግን ሰዓቱ አይመችም። ዋሽንግተን ከምሽቱ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው፤ በአገር ቤቱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ስለዚህ እማማ ቀን ላይ ተረቱን በድምፅ ይቅረጹና ይላኩ፤ ማታ ስልኩ ተደፍቶ ድምፁ ብቻ ይሰማ። አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው ያላችሁ፣ የሰዓት ልዩነታችሁ ትንሽ ስለሆነ፣ ከእራት በፊት ብትደውሉ ያገኟችኋል።

አራተኛው መለያየቱ ነው። ውሃውንም ሽንቱንም አስቀድማችሁ ከሥርዓቱ ውስጥ አስገቡ፤ በኋላ ሰበብ አይሆኑም። ትንሽ ምርጫ ስጡት፦ «ሰማያዊውን ፒጃማ ነው ወይስ ቀዩን?» መተኛት አለመተኛቱ ግን ምርጫ አይደለም። ከዚያስ? የቦስተኑ ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ታዋቂ ያደረጉት ዘዴ፣ ልጁን ነቅቶ ሳለ አልጋው ላይ ትቶ መውጣትና፣ ሲያለቅስ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ እየጠበቁ ብቅ እያሉ ማረጋጋት ነው። «ልጄ እያለቀሰ ከበር ውጭ ልቆም?» ለምትሉ ሌላም አለ። ወንበር አልጋው አጠገብ አድርጋችሁ፣ ሳታወሩ፣ እስኪተኛ ተቀመጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንበሩን ትንሽ አርቁት፤ እንዲህ እያለ በሩ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያም ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከመኝታው ከተነሣም ሳትቆጡ፣ ሳትስቁ፣ በአንድ ዓይነት ቃል መልሱት። ዋናው እናትና አባት አንድ መንገድ መርጠው ሁለት ሳምንት ያህል መጽናታቸው ነው። ዛሬ ጨክኖ ነገ መሸነፍ ልጁን «ብዙ ካለቀስኩ ይሳካል» ብሎ ያስተምረዋል።

አብሯችሁ አልጋ ላይ ማስተኛት የምትወዱ ቤተሰቦችም አላችሁ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሐኪሞች አይመክሩትም፤ በእንቅልፍ ላይ የመታፈን አደጋ አለውና። ለትልቁ ልጅ ግን የቤተሰቡ ምርጫ ነው። ተማምናችሁበት እንጂ ተሸንፋችሁ አይሁን።

የሥራው ሰዓት ያጣላቸው ቤተሰቦችስ? ብዙው ሰው ፓርኪንግም፣ ታክሲም፣ ሆስፒታልም የሚሠራው በማታ ነው። አባት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚገባ «አባቱን ይይ» ተብሎ የሚቆይ ልጅ አለ። የስስት ነገር ነው፤ አይፈረድም። ነገር ግን ልጁ እያዛጋ ከሚያየው አባት ይልቅ፣ ጠዋት ተነሥቶ ቁርስ የሚያበላውና ዴይኬር የሚያደርሰው አባት ይሻለዋል። የማስተኛቱም ሥርዓት በአንድ ሰው እጅ አይታሰር። እናት ሺፍት ስትገባ አባት፣ አባት ሲገባ ቤቢ ሲተሯ ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ለልጁ ሰው ቢቀያየርበት እንኳ ሥርዓቱ አይቀያየርበት።

የማይደረገውንም እንናገር። «አያ ጅቦ መጣልህ» የምትለው ማስፈራሪያ ከእኛ ጋር ተሰዳለች፤ እዚህ ደግሞ «ፖሊስ እጠራብሃለሁ» የምትል እህት አግኝታለች። ጨለማ መፍራት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ያለን ልጅ አስፈራርቶ፣ ከዚያ ብቻህን ተኛ ማለት አይሆንም። በጭንቅ ቀን ሊረዳው የሚችለውን ፖሊስም እንዲሸሽ ያስተምረዋል።

እንዲተኛ ብሎ የጉንፋን ወይም የሳል ሽሮፕ መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። ሜላቶኒንም አሜሪካ ውስጥ እንደ ከረሜላ ተሠርቶ ይሸጣል። በ2012 ልጆች ሜላቶኒን ወስደውት ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የተደወለው ከ8 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2021 ከ52 ሺህ በላይ ደርሷል፤ አብዛኞቹ 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ናቸው። ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ፤ ቤት ካለም ቆልፉበት።

ልጁ የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ወይም ሌሊቱን እግሩን የሚያወራጭ ከሆነ ግን የሥርዓት ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ለሐኪም ንገሩ። የቶንሲል ማበጥ ወይም የአይረን ማነስ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

ውድ አንባብያን፣ ኪራዩም፣ ቢሉም፣ ለአገር ቤት የሚላከውም እንድንሮጥ ያደርገናል። የምንሮጠው ለልጆቻችን ነው እንላለን። ልጆቹ ግን የሚጠይቁት ግማሽ ሰዓት ነው። እሷን ከሰጠናቸው የቀረውን ሌሊት ለእኛ ይተዉልናል። በሉ እንግዲህ ልጆቻችሁን በጊዜ አስተኝታችሁ ይህችን ጋዜጣ በጸጥታ ለመጨረስ ያብቃችሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!