ለዓድዋ ሙዚየም ስንቅ ማን ይቋጥር?

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የወጣው ዘማች ብዙው ስንቁን የቋጠረው ከየቤቱ ነው። የድሉ መታሰቢያ ሙዚየም ግን በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሲመረቅ፣ ያሠራው የከተማው አስተዳደር ነበር። ሕንፃ ደግሞ ተመርቆ አያበቃም። የጦር ሙዚየም ቅርስ ቆዳው ይደርቃል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ወረቀቱ በብርሃን ይደበዝዛል። ጥበቃው በየዓመቱ ገንዘብ ይፈልጋል። ሸክሙን በበጀትና በትኬት ላይ ብቻ መጣል አያዋጣም።

በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ በ1992 ዓ.ም. የተከፈተው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙዚየም የለጋሾችን ገንዘብ በጡብ ጭምር ይሰበስባል። የሰጠ ሰው የዘማች አባቱን ስም በጡብ ላይ ያስቀርጻል።

የእኛ ነጋዴ የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ለ«እንኳን አደረሳችሁ» ማስታወቂያ አይሰስትም። የዚያን ያህል ለቅርስ እንክብካቤ ቢሰጥ ስሙ ከበዓሉ ማግስትም ይታያል። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ፣ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል።

ለዚህ የሚበጀው በሕግ የተመዘገበ፣ ሒሳቡን በየዓመቱ አስመርምሮ ለሕዝብ የሚያሳውቅ የሙዚየሙ ወዳጆች ማኅበር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።