ያረጀ ጎማ ቅርስ አይደለም

በአሮጌ ካሜራ ወዳጆች ዘንድ የሚያናድደኝ አንድ አባባል አለ። «ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ዕቃ አይነካ» ይላሉ። በሌላው ወገን ደግሞ «ምን ችግር አለው፣ የተገኘውን ጎማ ለጥፍበትና ይሥራ» የሚሉ አሉ። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ፤ በእኔ ዘንድ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም መለካትን ይሸሻሉ። ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። በሁለቱም ጥፋት ውስጥ አልፌያለሁ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ ስለ ካሜራው ልናገር። ሰፊ ስፍራን ባንድ ጊዜ የሚያነሱ የፊልም ካሜራዎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። በሶቪየት ኅብረት ከ1967 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) ይሠራ በነበረው ሆሪዞንት ፊልሙ ባለበት ይቆማል፤ ሌንሱ ብቻ ዞሮ 120 ዲግሪ ያህል ይቃኛል። በሌላው ዓይነት ግን ካሜራው ራሱ በእግሩ ላይ ይዞራል፤ ፊልሙም ከአንድ ቀጭን ክፍተት ጀርባ እየተጎተተ ያልፋል። አሜሪካኖቹ ሰርኩት የሚሉት ካሜራ እንዲህ ያለ ነበር። ብዙ ሕዝብ በግማሽ ክብ ይደረደርለታል፤ ፎቶው ሲታጠብ ሁሉም በቀጥታ መስመር የቆሙ ይመስላሉ። የእኔም ካሜራ የዚህ ወገን ነው። ፊልሙን የሚጎትተው ጎማ የለበሰ ትንሽ ዘንግ ነው።

ለዓመታት ያንን ጎማ አልነካሁትም። «ኦሪጅናል ነው» እያልሁ እኮራበት ነበር። በ1991 ዓ.ም. ጥር ላይ ካሜራዬን ይዤ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ቆቦ ወረድሁ። ማሽላው ተሰብስቦ ሜዳው ከከተማው ጥግ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ተገልጧል። በዚያ ሰሞን ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች በዘወልድ ሥርዓት ታርቀው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር በግማሽ ክብ እንደተቀመጡ ፎቶ እንዳነሳቸው ፈቀዱልኝ። ለዙሪያ ካሜራ ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ ከየት ይገኛል?

ካሜራውን ስከፍት ጎማው እንደ ቅጥራን ቀልጦ ፊልሙ ላይ ተጣብቋል። እየሮጥሁ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሄድሁ፤ ከካላማዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ወጥሬ በማስቲሽ ለጠፍሁት። በእጄ ሳዞረው ዞረ። «ለዛሬ ይበቃል» አልሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በቆቦ ፀሐይ ማስቲሹ ላላ፤ ዘንጉ ሲዞር ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተተ። ካሜራው መዞሩን ቀጠለ፣ ፊልሙ ግን ለቅጽበት ቆመ። በዚያች ቅጽበት በሌንሱ ፊት ያለፈው ሁሉ በአንድ የፊልም ክር ላይ ተደራረበ።

አምና አንድ ወጣት አዲስ አበባ ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። የቤታቸው ፎቶዎች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከቤት ዕቃው ጋር ጠፍተውባቸዋል።

«ጋሼ፣ የእርቁ ዕለት አያቴን አንስተዋቸው ነበር አሉኝ። ሌላ ፎቶ የላቸውም» አለኝ።

ፎቶውን ዘረጋሁለት። «አያትህ ከግራ አራተኛው ናቸው» አልሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«እዚህ እኮ ሰው የለም፣ ጋሼ፤ ነጭ መስመር ነው።»

የዚያን ልጅ ፊት ካየሁ ወዲህ ነው ይህን ክርክር እንደ ቀልድ ማየት የተውሁት።

«አትንኩት» ለሚሉት መልሴ ይህ ነው። ጎማ ሟች ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 (እ.ኤ.አ.) ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማዋሃድ ከቻለ ወዲህ ጎማ ጠንካራ ሆኗል፤ ዘላለማዊ ግን አልሆነም። ኦክስጅን፣ ኦዞን፣ ብርሃንና ሙቀት ይበሉታል። አንዳንዱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ቀልጦ ይጣበቃል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በራያ ቆላ ሙቀት ደግሞ ይህ ይፋጠናል። ሠሪውም ቢሆን ሊቀየር እንደሚገባው እያወቀ ያስገባው ዕቃ ነው። የማሲንቆ ጭራ ሲበጠስ «የአባቴ ጭራ ነው» ብሎ ማሲንቆውን ዝም የሚያሰኝ አዝማሪ አይቼ አላውቅም። ጭራው ይቀየራል፤ ማሲንቆው ያው ማሲንቆ ነው። ቅርስ ጠባቂ መሆን የሚፈልግ አሮጌውን ጎማ ቀንና ልኩን ጽፎ በፖስታ ያስቀምጥ። ለታሪክ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

«የተገኘውን ለጥፍ» ለሚሉት ደግሞ ሒሳቡን ልንገራቸው። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ካሜራው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 176 ሚሊ ሜትር ያህል ፊልም ማለፍ አለበት። ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር የነበረ ጎማ ተበልቶ 9.5 ቢሆን የሚጎተተው ፊልም በአምስት በመቶ ያንሳል፤ ይህም በሙሉ ዙር ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ይጠብባል፤ ይደበዝዛልም። ቁራጩ በተጋጠመበት ቦታ እብጠት ካለ ደግሞ ፊልሙ በየዙሩ ይዘላል፤ ሜዳው ላይ የሌለ ጥቁር ሰንበር ይጋደማል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለመኪና ጎማ ምንም አይደለም። እዚህ ግን የሰው ፊት ናት።

በአዋቂዎችም ዘንድ የማየው አንድ ስሕተት አለ፤ ያረጀውን ጎማ ለክቶ በዚያው ልክ አዲስ ማሠራት። ይህ እርጅናውን መቅዳት ነው። የተበላ ጎማ ቀጥኗል፤ ዘይት የጠጣ አብጧል። ስለዚህ ፊልሙ የማይነካቸው የጎማው ዳርቻዎች ካሉ እነሱ ይለኩ፤ ውጤቱም ከሌንሱ ሒሳብ ጋር ይመሳከር። ዘንጉ ከአሮጌው ጎማና ማስቲሽ በአልኮል ይጽዳ። አዲሱ ጎማ ዘይት የማይጎዳው ናይትራይል ይሁን፤ ስፌት ወይም መጋጠሚያ አይኑረው። ትንሽ ወፈር ተደርጎ ይግባና ቶርኖ ቤት ዘንጉ እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት ወደ ልኩ ይውረድ። ከዚያም የተበላሸ ፊልም አስገብቶ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ መለካት ነው። 176 ካልመጣ ሥራው አላለቀም።

«ዛሬ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉም አሉ። ስልኩ ጥሩ ነው፤ እኔም አለኝ። ግን የቀድሞው ካሜራ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። አንዱ ባለቤት ሳይነካው ያመልከዋል፤ ሌላው በካላማዳሪ ያሰናክለዋል። እንዲህ የተያዘ ካሜራ ፎቶ ቢያነሳም እንደ እኔው ነጭ መስመር ይዞ ነው የሚመለሰው።

የእኔን ጎማ በልኩ አሠርቼዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቶርኖ ቤት ተመላልሻለሁ። አሮጌው በፖስታ ውስጥ ነው፤ የካላማዳሪው ቁራጭም ከጎኑ አለ። ወጣቱ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች እንዳነሳለት ጠይቆኛል። ለጥር ቀጠሮ ይዘናል። ከመንገዴ በፊት ግን አንዴ እንደገና እለካዋለሁ።