ጠባሳውስ ዋጋው ስንት ነው?

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ልብስ ልታሰፋ የሄደች ሴት ጨርቁ በመቀስ ከመነካቱ በፊት ጥያቄ ይበዛባታል። ወገቡ የት ይረፍ? ርዝመቱ ከጉልበት በላይ ይሁን ወይስ በታች? ስፌቱ በጎን ይሂድ ወይስ ከኋላ? ልብስ ሰፊው በጠመኔ ያሰምራል፣ በስፒል ይይዛል፤ ደንበኛዋም መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ «ትንሽ ዝቅ ይበል» ትላለች። ቀሚሱ ካልጣማት ይፈታና እንደገና ይሰፋል፤ የባሰ እንደሆነ ለእህቷ ትሰጠዋለች።

ይህችው ሴት ከወሊድ ወይም ከክብደት መቀነስ በኋላ የተንጠለጠለውን የሆድ ቆዳ በኦፕራሲዮን ለማስነሳት የቆረጠች ዕለት ግን ድርድሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ጥያቄ ይጀመርና በእሷው ያበቃል፤ «ስንት ነው?»። ስፌቱ የት እንደሚያርፍ፣ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል፣ ካበጠ ወይም ካዘመመ በማን ሂሳብ እንደሚስተካከል ሳይነሳ ይፈረማል። በቀሚስ ላይ ያልታየ ቸልተኝነት በገላ ላይ ይታያል።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው? በተለመደው ቀዶ ሕክምና የሆድ ግርጌ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ይቀደዳል፤ ከእምብርት በታች ያለው ትርፍ ቆዳና ስብ ይወጣል፤ በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች ተሰብስበው ይሰፋሉ፤ የላይኛው ቆዳ ወደ ታች ይሳብና እምብርቱ በአዲስ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ስለዚህ ጠባሳው ሁለት ነው፤ አንዱ ረጅሙ መስመር፣ ሌላው የእምብርቱ ዙሪያ። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ቆዳው ወደ ጎንም ስለሚተርፍ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሦስተኛ መስመር ሊጨመርበት ይችላል። ቦርጩ በአንድ ቀን ይሄዳል። ገዢዋ ዕድሜ ልኳን ይዛው የምትኖረው ጠባሳውን ነው። በሂሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ቋሚ ንብረቱ እሱ ነው፤ በደረሰኙ ላይ ግን ስሙ የለም።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የጠባሳው ቦታና የጠባሳው መልክ። ቦታው በዋናነት የሐኪሙ ውሳኔ ነው። መስመሩ የሚሰመረው ከማደንዘዣው በፊት፣ ደንበኛዋ ቆማ፣ በእስክሪብቶ ነው። የተለመደው ልክ ከብልት በላይ ከ6 እስከ 7 ሳ.ሜ. ገደማ ሆኖ ጫፎቹ በውስጥ ሱሪ ሥር እንዲደበቁ ይደረጋል። የተወጠረ ቆዳ ስፌቱን ወደ ላይ ስለሚስበው ጥንቁቅ ሐኪም ይህን አስቀድሞ አስልቶ ዝቅ አድርጎ ያሰምራል፤ ጭነቱም በላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ከሥሩ ያለውን ሽፋን ለብቻው ይሰፋል። ጫፎቹ ላይ ቆዳው ተሰብስቦ ጉብ የሚለውም አሰማመሩና አሰፋፉ ሲጎድል ነው። መልኩ ግን፣ ማለትም ቀለሙ፣ ውፍረቱና ማበጡ፣ ግማሹ የሰውነቷ ጉዳይ ነው። ማንም ሐኪም «ቀጭን ክር ይሆናል» ብሎ ሊምል አይችልም፤ የት እንደሚሆን ግን ሊናገር ይችላል፤ ሊናገርም ይገባል። ደንበኛዋ መደራደር ያለባት ሻጩ በእጁ ባለው ነገር ላይ ነው።

ቦታው የሰው ምርጫ ለመሆኑ ታሪኩ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1899 የተንጠለጠለ ሆድ ሲያነሳ የቀደደው በሆድ መካከል አግድም ነበር። ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ እ.ኤ.አ. በ1967 በ300 ተከታታይ ሕክምናዎች ላይ ተመሥርቶ ባሳተመው ጽሑፍ ጠባሳውን ወደ ሆድ ግርጌ ያወረደውን አሠራር አስተዋወቀ። በ1980ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጎኑ ወደ ላይ የተቀደደ የዋና ልብስ ፋሽን ሲሆን የመስመሩ ጫፎችም ወደ ዳሌ ሽቅብ ወጡ፤ ወገበ ዝቅ ሱሪ ሲመጣ ደግሞ ተመልሰው ወረዱ። ፋሽኑ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፤ በየፋሽኑ የተቀደዱት ሴቶች ጠባሳ ግን በነበረበት አለ።

መልኩን በተመለከተ የአዲስ አበባዋ ደንበኛ ከአውሮፓዊቷ የተለየ ስጋት አለባት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጠባሳ የመጥቆርና ከቁስሉ ወሰን አልፎ የማደግ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ወሰን ያለፈው ኬሎይድ ይባላል። በወሰኑ ውስጥ ሆኖ የሚያብጠው ሌላኛው ዓይነት በጊዜ ሊረግብ ይችላል፤ ኬሎይድ ግን በራሱ አይመለስም፤ ተቆርጦ ሲወጣም ብዙ ጊዜ እንደገና ይበቅላል። ደግነቱ ናሙና አለ። ጆሮዋ የተበሳበት፣ በልጅነቷ የተከተበችበት ክንዷ እንዴት እንደዳነ ማየት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ናሙና ደግሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ጠባሳ ነው፤ በዚያው ሆድ፣ በዚያው ቆዳ ላይ ያለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ከ5 ወሊዶች 1 ያህሉ በኦፕራሲዮን መሆኑን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 2 በመቶ ገደማ ነበር። የከተማዋ ደንበኛ እንግዲህ መረጃውን በገላዋ ይዛው ትዞራለች፤ የሚጠይቃት ካገኘች። በአዲሱ ቀዶ ሕክምና አሮጌው ጠባሳ ብዙ ጊዜ ከሚወጣው ቆዳ ጋር አብሮ ይወጣል፤ የሚተካው ግን እጥፍ የሚሆን ርዝመት ያለው ነው።

ሻጩ የሚያሳየው ናሙና ሌላ ነው፤ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶግራፎች። «በኋላ» በሚለው ላይ ሴትየዋ ብዙ ጊዜ የውስጥ ሱሪ ለብሳለች። ጠባሳው ከሥሩ ነው። ያገለገለ ቪትዝ ሊገዛ የሄደ ሰው የመኪናውን ፎቶ በደህናው ጎኑ ብቻ ቢያሳዩት ደላላውን ይስቅበታል፤ መካኒክ ይዞ ሄዶ ቀለሙ የተነካካ መሆኑን በጣቱ ያንኳኳል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ የጻፈውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ነገር ይኸው ነበር፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ጥሩው ሻጭም ከገበያው ይወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ፎቶ ያለ ሱሪ መስመሩ የሚታይበት፣ የእሷን ቆዳ በሚመስል ቆዳ ላይ የተነሳና ቢያንስ ዓመት የሞላው ነው። ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ የሚረጋው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የስድስት ሳምንት ፎቶ ያልበሰለ ዳቦ ነው።

ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ዱባይ ለመብረር ያሰበችው ይህን የጊዜ ሂሳብ ልታስብበት ይገባል። ቀዶው የሰዓታት፣ ቆይታው የቀናት ነው፤ ጠባሳው የሚያድገው ግን ሳሊተ ምሕረት ተመልሳ ቤቷ ስትቀመጥ ነው። ሲሊኮን መለጠፍ፣ እብጠት ሲጀምር የስቴሮይድ መርፌ መውጋት፣ ሁሉም በወራት ውስጥ በዓይን የሚያይ ሐኪም ይፈልጋል፤ በስልክ በተላከ ፎቶ አይሆንም። ምንዛሪውም አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ የ3 ሺህ ዶላር ሕክምና ብትይዝ ኖሮ 171 ሺህ ብር የነበረው ሂሳብ ከ300 ሺህ ብር አልፎባታል። ለማስተካከል ተመልሳ ብትሄድ ትኬቱን ጨምራ እንደገና በዶላር ነው።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። በየካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ቆዳ የሚጠገንባት አገር መሆኗ እውነት ነው፤ ሙያውም አንድ ነው። ነገር ግን ከእጥፋቱ ሥር እየቆሰለች፣ ጡንቻዋ ተለያይቶ የከረመች የሦስት ልጆች እናት የቅንጦት ደንበኛ አይደለችም። ብትሆንም እንኳ በገንዘቧ ነው፤ የከፈለ ሰው የከፈለበትን ማወቅ አለበት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሕክምና ውል ሲደነግግ ሐኪሙ የሚገባውን ግዴታ የሚቻለውን በማድረግ ይገልጸዋል እንጂ ውጤቱን አያስምለውም። ለበሽታ ይህ ትክክል ነው። የሚቀደድበት መስመር ግን ከበሽታ ጋር አይገናኝም፤ ሊጻፍ ይችላል። አዘውትራ የምትለብሰውን የውስጥ ሱሪ በቦርሳዋ ይዛ የሄደች ደንበኛ፣ መስመሩ በእስክሪብቶ ሲሰመር መስታወት ፊት ቆማ አይታ፣ ፎቶው ከፋይሏ ጋር ሲያያዝ ምንም ወጪ የለውም። ወጪ ያለው ማስተካከያው ነው። ብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች ጫፉ ጉብ ካለ ወይም መስመሩ ካዘመመ ከዓመት በኋላ የራሳቸውን ድካም ሳያስከፍሉ ያስተካክላሉ፤ የክፍሉና የማደንዘዣው ሂሳብ ግን ለደንበኛዋ ይመጣል። «ነፃ ነው» ሲባል የትኛው ነፃ እንደሆነ፣ ያልሆነውም ስንት ብር እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ነው።