እረኛው ባለ ዋሽንት ለምን መምህር አይሆንም?

የሙዚቃ መምህር ነገር ሲነሣ ፈገግ ማለት ልማዳችን ነው። ስለ ሒሳብ መምህር የሚነገረውን በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው እንኳ፣ ጨዋታው ወደ ዋሽንትና ወደ ክራር ሲዞር «እሱስ ለበዓል ይደርሳል» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነውና፣ ፈገግ ከሚሉት ወገን አልነበርኩም ብዬ አልመጻደቅም። ሐሳቤን የለወጡት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክና የአንድ እረኛ ጥያቄ ናቸው።

ሰውየው ዶክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ አሜሪካን አገር በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት ዓመት እምብዛም አላለፈም ነበር። አንባቢዬ ልብ ይበል፤ ይህ ብዙዎቻችን የቅጥር ደብዳቤ ይዘን ከቢሮ ቢሮ የምንመላለስበት ዕድሜ ነው። እኒህ ወጣት ዲሬክተር «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ሥራቸውን ደርሰው በ1967 እ.ኤ.አ. በሀንጋሪ አገር፣ በዚያው አገር የመንግሥት ኦርኬስትራ፣ ራሳቸው እየመሩ አሰሙት። የእኛ ደጋ እረኛ ስም በአውሮፓ የሙዚቃ አዳራሽ ተጠራ ማለት ነው።

የእኔ አድናቆት ግን ከመድረኩ ይልቅ ወደ ክፍሉ ያደላል። አሸናፊ ከያሬድ ትምህርት ቤት በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፈው በ1971 እ.ኤ.አ. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከዚያም በ1998 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ የኖሩት በመምህርነት ነው። ኖታውን የጻፈው እጅ ጠመኔም ይዟል። የተከሉት ትምህርት ቤትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ከፒያኖና ከፍሉት ጎን ክራርን፣ መሰንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን ያስተምራል።

በዚያው ዘመን፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሞ ነበር። ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩት ዋሽንት፣ ክራር፣ መሰንቆና እምቢልታ በአንድ መድረክ ተቀመጡ፤ እንደ መላኩ ገላው ያሉ ባለ ዋሽንቶችም የቡድን ሙዚቀኞች ሆኑ። ነገሩ ሲነገር ይቀላል። ዋሽንት እንደ ፍሉት ቁልፍ የለውም፤ ቃናው በተቆረጠበት ልክ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ባለ ዋሽንት ለየቅኝቱና ለየዘፋኙ ድምፅ የሚሆኑ አጫጭርና ረጃጅም ዋሽንቶች በአንድነት ይዞ ይዞራል። ይህን ሁሉ አስማምቶ ከሌላው ጋር እኩል ማስነሣት የጨዋታ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ወገራ ልውሰዳችሁ። እኔ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ቢሆንም ክረምቱን ወገራ ከአጎቴ ቤት ነበር የማሳልፈው። የአጎቴ ታላቅ ልጅ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራው፣ ከብት ጠባቂ ነበር። ዋሽንቱን ራሱ ነው የሚሠራው፤ ከወንዝ ዳር የመጣ ሸምበቆ ይቆርጣል፣ ውስጡን ይጠርጋል፣ በጋለ ብረት አራቱን ቀዳዳ ይበሳል። መለኪያው የገዛ ጣቶቹ ናቸው። አስተምረኝ ብዬ ብለምነው ቀዳዳ ያልተበሳ ሸምበቆ ሰጠኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ በባዶው ሸምበቆ መተንፈስ ብቻ! ሳጉረመርም፣ «አንተ ልጅ፣ ትንፋሽህ ሳይገራ ጣትህ ምን ይሠራል?» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ቀዳዳ በሳልኝ። አራተኛዋ የተበሳችው ጳጉሜን ሲገባ ነው።

ይህ ሰው የትምህርት ዘዴ የሚባል መጽሐፍ አላነበበም። ነገር ግን በጎንደር በአታ አቋቋም የሚያስተምሩት የኔታ ተማሪያቸውን ከቃል ወደ ቃል፣ ከእግር ወደ እግር የሚመሩት በዚሁ ትዕግሥት አይደለምን? ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይም ከወዳጁ ከባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዜማ ከሰበሰበ በኋላ፣ የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት ከአገራቸው ዜማና ከገዛ ድምፃቸው ይጀምር ብሎ የአገሩን ትምህርት ቤቶች አሳምኗል። የጋሼ ሸምበቆና የኮዳይ ሐሳብ ዝምድና አላቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እኔ ግን ያንን ዋሽንት መስከረም ላይ ስሙን ወደማልጠራው ትምህርት ቤቴ ይዤ ብሄድ፣ አንድ መምህር ከቦርሳዬ አውጥቶ በጉልበቱ ሰበረው። «ለመማር ነው የመጣኸው ወይስ አዝማሪ ለመሆን?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ መሳቄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከዚህ በኋላ የምለውን አንዳንድ ወዳጆቼ አይወዱትም። ሙዚቃ እንደ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ተቆጥሮ ሥራ ለጎደለው መምህር ማሟያ ከሚሰጥ ይልቅ፣ በአካባቢው ዋሽንት የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ያስተምርበት፤ የሰዓቱም ይከፈለው እላለሁ። ወዳጄ የሆነ አንድ የቅጥር ሠራተኛ ይህን ስነግረው፣ «የትምህርት ማስረጃ በሚለው ሣጥን ውስጥ ምን እንጻፍለት?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ማስረጃ የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት ነገ የዘመድ መጠራቀሚያ ይሆናል። ግን ዋሽንት መንፋት በጆሮ ፊት የሚረጋገጥ ሙያ ነው፤ ፈታኙ ከያሬድ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ባለሙያ ቢሆን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የፈተናው ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ይግባ።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ አሳስቦኛል። «ዋሽንት የሜዳ ነው፤ ክፍል ውስጥ ካስገባችሁት ደወል እየተደወለለት ይሞታል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ በአርባ ደቂቃ የጋሼ ትዕግሥት አይገኝም። ነገር ግን እረኛው ራሱ ከሜዳው እየወጣ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ደግም አድርገዋል፤ ከከብት ኋላ የሚውለውም ቢሆን ስልኩን ከፍቶ ዘፈን ይሰማል። ዋሽንቱ ልጆቹን ተከትሎ ካልሄደ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ሸምበቆ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ቀዳዳው አቧራ ሞልቶ ነበር።

አሸናፊም ቢሆኑ በርዕሳቸው እረኛውን ጠሩት እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የኦርኬስትራው ሙዚቀኞች ናቸው። ይህን በነቀፌታ አልናገረውም፤ እሳቸው የድርሻቸውን ሠርተዋል። እረኛውን ራሱን ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ለእኛ፣ ማኅተሙና መዝገቡ በእጃችን ላለው ወጣት ሠራተኞች፣ የተረፈ ሥራ ይመስለኛል።

ባለፈው ጊዜ ጋሼ ለበዓል ጎንደር ሲመጣ «እረኛው ባለ ዋሽንት»ን በስልኬ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ይመሰገናል ብዬ ስጠብቅ፣ «ደግ ነው፤ ግን የት ላይ ነው የሚተነፍሰው?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙ ሰው ስለሆነ እየተቀባበሉ ይተነፍሳሉ ብዬ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና ከጋቢው ሥር ዋሽንቱን አወጣ፤ «ብቻውን ሲሆን እንዲህ ነው» ብሎ ይነፋ ጀመር። የተከራየሁበት ቤት ልጆች ጨዋታቸውን ትተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ ትንሹ ልጅ እስክብሪቶውን ፈትቶ ባዶውን ቀፎ ከከንፈሩ ላይ አድርጎ ነበር።