እድራችን ሁለተኛ ፍርድ ቤት አይደለም

በአባያ ክፍለ ከተማ ለምትገኙ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ የተነሳው ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ይህን ጽፌ ሰሌዳው ላይ ለጥፌአለሁ። ይኸውም አራት ዓመት ታስሮ ቅጣቱን ጨርሶ የመጣው ጎረቤታችን ከእድሩ መዝገብ ይሰረዝ የተባለው ነው። አንዱ «ሌባ ምን ጊዜም ሌባ ነው» አለ፣ ሌላው አጨበጨበ። እኔ ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ ዝም አልኩ። ጥፋቴን አምናለሁ።

እስቲ መዝገቡን እንየው። ሰውዬው በታሰረ ጊዜ ባለቤቱ ሙዝ እየቸረቸረች የወር መዋጮዋን አንድም ወር አላጓደለችም። ደረሰኙን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። ጠዋት ማረሚያ ቤት ስንቅ አድርሳ፣ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ወጥ ስትሠራልን ነበር። ያኔ «ይህ የሌባ ቤት ገንዘብ ነው» ያለ አልሰማሁም። ልጇ ግን «የእስረኛ ልጅ» እየተባለ አደገ። እሱ ምን ሰረቀ?

የተሰረቀ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም፤ የኔም በር አንድ ሌሊት ተሰብሯል። ግን ሰውዬው ሥራ ሲጠይቅ ዋስ አምጣ ይሉታል፤ ዋስ የሚሆነው ጎረቤት ደግሞ ፊቱን አዙሯል። ቤት ልከራይ ሲል «ተይዟል» ይባላል፤ «የሚከራይ ቤት» የሚለው ወረቀት ግን በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። የመሥራቱን መንገድ ሁሉ ዘግተን ሲያበቃ መልሰን «አልታረመም» ልንል ነው?

ሕጉ እንኳ ከኛ ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ጽኑ እስራት የጨረሰ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ፣ ቀላል እስራት የጨረሰ ከ2 ዓመት በኋላ፣ ጠባዩ መልካም ከሆነ ፍርዱ እንዲሰረዝለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ከተሰረዘለት ወዲያ የድሮውን ቅጣት በክፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው ራሱ ይጠየቃል። «እውነቱን ነው የተናገርኩት» ቢልም አያድነውም።

«ባህላችን ሌባ አይወድም» ላሉትም መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ አይወድም። ነገር ግን በጋሞ ደንብ ጥፋተኛ ዱቡሻ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፣ ይታረቃል፤ ከታረቀ በኋላ ከሰው ይቀላቀላል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ የቡራዩ ግድያ ተሰምቶ ወጣቱ ለበቀል በተነሳ ጊዜ፣ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው እዚሁ አርባ ምንጭ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አገር ሁሉ አመሰገነን፣ እኛም ኮራን። ያን ሁሉ ቁጣ ያበረደ ከተማ አንድ ጎረቤቱን ያቅተው?

ስለዚህ በሚመጣው እሁድ ጉዳዩን እንደገና አስይዣለሁ። ሰውዬውም ተጠርቷል። ይሰረዝ የሚል ፊት ለፊቱ ይናገር፤ የአራት ዓመቱን መዋጮ ከየት አውጥተን እንደምንመልስላቸውም ይንገረን። ሣጥኑ ውስጥ ስንት እንዳለ እኔና ገንዘብ ያዡ እናውቃለን።

ለሥራው ዋስ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ተጠይቀዋል። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከስብሰባው በፊት ቤቴ መጥቶ ይፈርም።

የማኅበሩ ጸሐፊ