ለአክስት 25፣ ለእናት 15፤ ማን ተበደለ?

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ጣጣ ናቸው። የዛሬዋ ጠያቂያችን ግን ሌላ ጭንቀት ነው ያላት። የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ። እናቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። አሁን ደግሞ ሐኪሙ 15 ጊዜ ጨረር አዝዞላቸዋል።

ታዲያ ይህን የሰሙት አሜሪካ ያሉት አክስቷ በስልክ እሪ አሉ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚሁ በሽታ 25 ጊዜ ጨረር ወስደው ድነዋልና «15 ብቻ? አገሩ ድሃ ስለሆነ ነው የቀነሱባት!» አሉ። ለንደን ያለችው የአጎቷ ሚስት ደግሞ «ኧረ ለእኔ 5 ቀን ብቻ ነው የተሰጠኝ» ብላ ነገሩን ይብስ አወሳሰበችው። ወንድሟ «ቤቱን ሸጠን ውጭ አገር እናሳክማት» እያለ ነው። ቀጠሮው 10 ቀን ቀርቶታል። «ማንን እንመን?» ትላለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙን የሚተካ ነገርም አልጽፍም። ግን ይህ ጉዳይ በደንብ የተጠና ስለሆነ የሚታወቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። በተለመደው አሠራር 25 ጊዜ ሲባል በየቀኑ 2 ግሬይ፣ በድምሩ 50 ግሬይ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተሄደ 5 ሳምንት ይፈጃል። 15 ጊዜ ሲባል ድምሩ 40 ግሬይ ነው፤ 3 ሳምንት። 5 ቀን ሲባል ደግሞ 26 ግሬይ በአንድ ሳምንት። እስቲ አካፍሉት፤ የ15ቱ በቀን 2.67 ገደማ ይደርሳል፣ የ5ቱ 5.2። የአንድ ቀኑ መጠን ከፍ ሲል ጉልበቱ ከቁጥሩ በላይ ስለሚጨምር ድምሩ ዝቅ ይደረጋል። ስለዚህ ቀኑ አነሰ ማለት ሕክምናው ተሸረፈ ማለት አይደለም።

«ይህ ወሬ ነው ወይስ ተፈትኗል?» ትሉ ይሆናል። ተፈትኗል። እንግሊዞች 2,215 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን 25 ጊዜ፣ ለሌላው 15 ጊዜ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመቱ ውጤት ሲወጣ 15 ጊዜ የወሰዱት በሽታው አልባሰባቸውም፤ እንዲያውም በጡታቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ካናዳዎች ደግሞ 1,234 ሴቶችን ይዘው 25ን ከ16 ጋር አወዳደሩ። ከ10 ዓመት በኋላ በሽታው እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው ከ100 ሴት 6.7 እና 6.2 ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የ5 ቀኑም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የእንግሊዞች ጥናት ከ4,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ5 ዓመት ክትትል ከ15ቱ የማያንስ ሆኗል።

ታዲያ አሜሪካ ያሉት አክስት ለምን 25 ወሰዱ? እዚያ ሐኪሞቹ ለዓመታት የለመዱት 25ቱን ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጉዳትም ይፈሩ ነበር። ሌላው ገንዘብ ነው። ክፍያው በየጊዜው የሚታሰብ ስለሆነ ቀኑ በበዛ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ፣ በግል ኢንሹራንስ ከታቀፉና አጭሩ ከሚመከርላቸው ሴቶች መካከል አጭሩን ያገኙት ከ100 ወደ 35ቱ ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ የጨረር ሐኪሞች ማኅበር ለአብዛኞቹ አጭሩን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ወረፋም አለ። ስለዚህ ቶሎ አሳጠሩት። ያው አንድ በሽታ፣ ያው አንድ ጨረር፣ ግን እንደየአገሩ ልማድና ኪስ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ለመላው ሕዝብ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ሰው ተራውን በወራት ይጠብቅ ነበር። አንድ መሣሪያ 75 ጊዜ ቢሠራ በ25ቱ 3 ሴቶች ይታከማሉ፣ በ15ቱ 5። እነዚያ ሁለቱ የማን እናት እንደሆኑ አስቡ።

ይህ ሲባል ግን አጭሩ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። ብብት ሥር ያሉት እጢዎችም ጨረር ሲያስፈልጋቸው፣ ወይም ጡቷ በቀዶ ሕክምና እንደገና ለተሠራላት ሴት፣ ሐኪሞች የተለያየ ውሳኔ ይወስናሉ። በሌላው ካንሰርም የአንዷን ቁጥር ለሌላዋ መስጠት አይቻልም።

እንግዲህ እህቴ፣ ቤቱን አትሽጡ፤ ቀጠሮውንም አታሳልፉ። እውነተኛው አደጋ 15 መሆኑ ሳይሆን፣ እናንተ ስትጨቃጨቁ ሕክምናው መዘግየቱ ወይም ከተጀመረ በኋላ መቋረጡ ነው። ይልቅ እናትሽን ይዘሽ ሂጂና ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂ፦

ድምሩ ስንት ግሬይ ነው? በቀንስ ስንት?

ለእናቴ ይህ የተመረጠው ለምንድን ነው? እጢዎቹም ይጨመራሉ ወይ?

ቆዳዋ ቢቀላ ወይም ቢቆስል ምን እናድርግ?

መሣሪያው ቢበላሽ ወይም አንድ ቀን ብትቀር እንዴት ይካካሳል?

ሐኪሙ ቢቆጣ እንኳ አትፈሪ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱን ጽፈሽ ያዢና ለአክስትሽ በስልክ አንብቢላቸው። እሳቸውም ያለቀሱት በክፋት ሳይሆን በእህት ፍቅር ነውና በቁጣ አትመልሺላቸው። ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።